ከዚራ ላይ የያዘ የእጅ ፍሬን ደንገጎ ላይ ለምን ይለቃል?

ድሬዳዋ ዳገት የፈጠራት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ከፊቱ የተደቀነውን ተራራ መውጣት ግን ከባድና ውድ ሆኖ ተገኘና በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ። በቆመበት ቦታ ከተማ በቀለች። ሐዲዱ ያልደፈረውን ዳገት ዛሬ መኪኖች በደንገጎ ጠመዝማዛ ይወጡታል። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተው ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ።

ከተማዋ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ሌላ ነው። የከዚራ ጎዳና ሜዳ ነው፤ ዛፍ ጥላ ሥር የቆመች አሮጌ ኮሮላ ማርሽ ውስጥ ከገባች የትም አትሄድም። ስለዚህ «ድሬ ሜዳ ናት፣ የእጅ ፍሬን ምን ይሠራል?» የሚለው እምነት ከሹፌር ወደ ሹፌር ሲተላለፍ ኖሯል። ከሁሉ የሚከፋው እምነት ይኸው ነው። የእጅ ፍሬንን ከሥራ ይልቅ ሥራ መፍታት ቶሎ ይገድለዋል።

ምክንያቱ ካቦው ውስጥ አለ። ካቦው በሽፋኑ ውስጥ እየተንሸራተተ የሚሠራ የተገመደ ሽቦ ነው። ለወራት ካልተሳበ ግራሶው ይደርቃል፣ አቧራ ይገባበታል፣ እርጥበት ያገኘው ቦታ ይዝጋል። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለሚመላለስ መኪና ደግሞ ደቃቁ አሸዋ ታምቡሩ ውስጥም ይገባል። ሌላም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። በበርካታ አሮጌ ቶዮታዎች የኋላ ሸራ ሲበላ ክፍተቱን በራሱ የሚያጠበው ማስተካከያ የሚዞረው የእጅ ፍሬን ሲያዝ ነው። የማይያዝ ከሆነ ሸራው እየሳሳ፣ ከታምቡሩ እየራቀ ይሄዳል፤ ከጊዜ በኋላ የእግር ፍሬኑም ወደ ታች ይገባል። የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት ፔዳሉ ሲጠልቅበት ጋራዥ ሄዶ ስለ እግር ፍሬኑ ያማርራል እንጂ ነገሩ ከማይነካው የእጅ ፍሬን እንደጀመረ አይጠረጥርም።

«ማርሽ ይበቃል» የሚሉትም እኩሌታውን ብቻ ነው የሚያዩት። ማርሽ ውስጥ የገባ መኪናን የሚይዘው ሞተሩ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ሞተሩ ያረጀ ከሆነ አየሩ በፒስተኑ ፋሻና በቫልቮቹ በኩል ቀስ እያለ ያመልጣል፤ መኪናውም ዳገት ላይ በየተወሰነ ደቂቃ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሊል ይችላል። ማርሹም የእጅ ፍሬኑም አብረው ሲያዙ፣ ጎማው ሥርም ታኮ ሲገባ ነው መኪናው የሚታመነው። ረዳቶች ድንጋይ ይዘው ዘለው የሚወርዱት በከንቱ አይደለም። ድንጋዩ የእጅ ፍሬኑን ቦታ ጠቅልሎ ሲይዝ ግን ችግር አለ ማለት ነው።

ጋራዥ ሲደረስ ደግሞ ትልቁ ተረት ይጠብቃል፦ «ካቦው ላልቷል፣ ይጥበቅ።» አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ርካሽ ነው፣ እጀታውም ወዲያው ጠንከር ይላል። አሳሳቹም ይኸው ነው። ካቦ ትንሽ መሳሳቡ አይቀርም፤ እጀታው ከፍ ብሎ የሚወጣበት የተለመደው ምክንያት ግን ከሸራው እስከ ታምቡሩ ያለው ክፍተት መስፋቱ ነው። ያንን ክፍተት በካቦ መሸፈን፣ የሰፋ ጫማን በክር ጥብቅ አድርጎ እንደማሰር ነው፤ ጫማው አልጠበበም። ይባስ ብሎም ከመጠን በላይ የተሳበ ካቦ ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ማንሻ ወደ ማረፊያው እንዳይመለስ ስለሚይዘው፣ በራሱ የሚሠራው ማስተካከያ ሥራውን ያቆማል። ከጥቂት ወር በኋላ እጀታው እንደገና ይወጣል፣ ካቦውም እንደገና ይሳባል። ዳዶው መጨረሻ ላይ ሲደርስ «ካቦው አለቀ» ይባልና አዲስ ይገዛል። አዲሱም በተራው ያንኑ ይደግማል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የካቦው ዳዶ ይላላል። ቀጥሎ ታምቡሩ ተከፍቶ ሸራው ይታያል፤ ውፍረቱ በቂ ከሆነ ማስተካከያው እየዞረ ሸራው ታምቡሩን ሊነካ ሲል ይቆማል። ታምቡሩ ከተመለሰ በኋላ የእግር ፍሬን ብዙ ጊዜ ተረግጦ ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ይደረጋል። ካቦው የሚሳበው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የተረፈችውን ትንሽ ልልነት ለመውሰድ ብቻ ነው።

የትኛው ጎን እንደደከመ ለማወቅ ክሪክ፣ ሁለት ታኮና ጠንካራ መደገፊያ ይበቃሉ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የፊት ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የኋላው ይነሳል፤ መደገፊያውም ከሥሩ ይገባል። አንድ ሰው እጀታውን አንድ አንድ ጥርስ ሲያነሳ ሌላው ጎማዎቹን በእጁ ያዞራል። ሁለቱም በተመሳሳይ ጥርስ ላይ መያዝ ከጀመሩ ነገሩ የማስተካከል ነው። አንዱ ግትር ብሎ ሌላው እንደ ልቡ የሚዞር ከሆነ ግን አንድ ጎን ካቦው ነክሷል፣ ወይም ሸራው ዘይት ነክቶታል። ከመኪናው ሥር ሁለቱን ካቦዎች የሚያመዛዝነው ብረት ወደ አንድ ወገን አጋድሎ መታየቱም ያንኑ ይመሰክራል።

ስለ ዘይት ከተነሳ፣ የእጅ ፍሬን ሲደክም የፍሬን ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። በእነዚህ አሮጌ መኪኖች የእጅ ፍሬን በሽቦ የሚሠራ ነውና ከፍሬን ዘይት ጋር አይገናኝም፤ የእግር ፍሬኑ ጥሩ መሆኑም ስለ እሱ ምንም አይናገርም። ዘይቱ ጉዳት የሚያመጣው ሲያፈስ ነው። ጎማው ውስጥ ያለችው የፍሬን ፒስተን ጎሚኒ ካረጀ የፍሬን ዘይት ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ፒክ አፖችና ሌሎች ባለ ሙሉ አክስል መኪኖች ላይ ደግሞ የዲፈረንሺያል ዘይት በዘይት መከለያው ሾልኮ ይደርሳል፤ ይህኛው ወፍራምና የሚከረፋ ስለሆነ በጠረኑ ይለያል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ምንጩ ይዘጋል፣ ሸራው በሁለቱም ጎን ይቀየራል።

የድሬዳዋን መንገድ በተለይ የሚመለከተው ስህተት ግን የሙቀት ነው። ለረጅም ዓመታት በሐረር ታክሲነት የታወቀችው ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ስትወጣ አራቱም ጎማዎቿ የሚቆሙት በታምቡር ነበር። ታምቡር ሲሞቅ ይሰፋል። ደንገጎን እየረገጠ የወረደ ሹፌር ከተማ ሲገባ እጀታው ከወትሮው በላይ ቢወጣበት አይገርምም፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቦታው ተመልሶ ያገኘዋል። በዚያው ትኩሳት ጋራዥ ገብቶ ካስጠበቀው ግን ታምቡሩ ሲቀዘቅዝና ሲጠብ ሸራው ተነክሶ ይቀራል፤ መኪናው እየጎተተ፣ ነዳጅ እየበላ፣ ሸራውን እያቃጠለ ይሄዳል። የኋላ ፍሬናቸው ዲስክ በሆነ መኪኖች ነገሩ ይገለበጣል። የጋለ ዲስክ ላይ የተያዘ የእጅ ፍሬን፣ ዲስኩና ፓዱ ቀዝቅዘው ሲቀጥኑ ሊላላ ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና ሰው በሌለበት የሚንሸራተትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬን የሚመረመረው ሲበርድ ነው፤ ትኩስ ዲስክ ያለው መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ደግሞ ጥቂት ቆይቶ እጀታውን እንደገና መሳብ ይገባል።

ክሩስኮቶ ላይ የምትበራው ቀይ የፍሬን መብራት ስለ እጅ ፍሬኑ የምትናገረው እጀታው መነሳቱን ብቻ ነው። ጎማው ይያዝ አይያዝ አታውቅም።

አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው ለብቻው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የዚያ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን አይደለም፤ ከማርሽ ሳጥኑ የሚወጣውን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሳ ዲፈረንሺያሉ የተነሳውን ጎማ በነፃ ስለሚያዞረው የእጅ ፍሬኑ ተይዞም መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊሄድ ይችላል። ጎማ የሚቀይር ሰው በመኪናው ሥር እግሩን ከመዘርጋቱ በፊት ታኮውን ማስገባት አለበት።

ደህና የሚባለው የእጅ ፍሬን የቱ ነው? የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ የቤት መኪና ጭነቱን ሙሉ ይዞ በ20 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ፣ በእጅ ፍሬኑ ብቻ እንዲቆም ይጠይቃል። ከዚራ ላይ ይህን መፈተን አይቻልም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከኋላ ሰውም መኪናም በሌለበት ዳገት ላይ ቆሞ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ እጀታውን ስቦ የእግር ፍሬኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው። እግሩ ከፔዳሉ ብዙ አይራቅ።

ታምቡሩ ሲከፈት አንድ አደጋ አለ። የድሮ ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ብናኙም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በየጋራዡ እንደሚደረገው በኮምፕረሰር አየር መንፋት ያንን ብናኝ መካኒኩና አጠገቡ የቆመው ልጅ እንዲተነፍሱት ማድረግ ነው። ውሃ ረጭቶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሁለት ደቂቃ ቢያስረዝም ነው።