ስምንት ሰዓት ሲባል ስንት ሰዓት ነው?

በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨርና በአውሮራ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ዴንቨር ከአክሱም፣ አውሮራም ከአዳማ ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት መሥርተዋል። ለዚህ ማኅበረሰብ በድረ ገጽ መረጃ የሚያቀርብ ተቋም ጽሑፉን ወደ አማርኛ በማስመለሱ ብቻ ሥራው እንዳለቀ ሊቈጥር አይገባም።

ለአብነት ሰዓትን እንመልከት። አንድ ክሊኒክ በእንግሊዝኛ ከጠዋቱ 8:00 ያለው የክትባት ቀጠሮ እንዳለ «8 ሰዓት» ተብሎ ቢመለስ፣ ቀኑን ከንጋት መቍጠር የለመደች እናት ከቀትር በኋላ እንደሆነ ትረዳለች። ሕፃኗን ታቅፋ ስትደርስ ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። መፍትሔው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፤ በአሜሪካ አቈጣጠር 8:00» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ነው። የጉግል መተርጐሚያ እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ቢጨምርም፣ እንዲህ ያለውን ጕዳይ አንባቢውን የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይገባል።

የመረጃው ቅደም ተከተልም ሌላ ጕዳይ ነው። ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ባደረገው ጥናት ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶው አዲስ ገጽን በዓይን ቃኝተው ያልፋሉ፤ ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲያው ረጅሙ ሰላምታ (ባህላችን ቢሆንም) ከቀኑና ከአድራሻው በታች ይቀመጥ።

ማስታወቂያን በፎቶግራፍ መልክ መለጠፍም የተለመደ ነው። ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ መሣሪያ ግን በምስል ውስጥ ያለውን ፊደል በአግባቡ ላያነብ ይችላል። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ደንግጋለች።