ነርሷ የሠራችው፣ በሐኪሙ ስም የሚወጣው ሒሳብ

አሜሪካ ውስጥ የደም ግፊት ያለባቸው አንድ አዛውንት፣ አዲሱ መድኃኒት ተስማምቷቸው እንደሆነ ለመታየት ወደ ክሊኒክ ይሄዳሉ። ነርሷ ግፊታቸውን ትለካለች፤ ያዞራቸው፣ እግራቸውን ያሳበጣቸው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ያገኘችውንም በካርዳቸው ላይ ትጽፋለች። አዛውንቱ ሐኪሙን ሳያዩ ይመለሳሉ። ለሜዲኬር የሚላከው ሒሳብ ግን የሐኪሙን ስም ይይዛል፤ ይህንንም ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል።

የጉብኝቱ ኮድ 99211 ነው። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ነባር ታካሚ በክሊኒክ ለሚታይባቸው ጉብኝቶች ካወጣቸው አምስት ደረጃዎች ዝቅተኛው ነው። በዋናነት 65 ዓመት የሞላቸውን የሚሸፍነው ሜዲኬር፣ ለነርስ ወይም ለሜዲካል አሲስታንት በቀጥታ አይከፍልም። ሥራቸውን የሐኪሙ ሕክምና ተቀጥላ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ለዚህም በመጀመሪያ ሐኪሙ ራሱ ታካሚውን አይቶ ሕክምናውን መጀመር፣ ኋላም መከታተል ይኖርበታል። ነርሷ ስትሠራ አጠገቧ መቆም ባይጠበቅበትም፣ ስትፈልገው ወዲያው መገኘት አለበት። ቀድሞ በዚያው ክሊኒክ ውስጥ መሆን ግድ ነበር፤ ከኮቪድ ወዲህ ግን ለአንዳንድ አገልግሎቶች በቀጥታ ቪዲዮ መገኘትም ይበቃል። ታካሚው በመሃል «ደረቴን ይወጋኛል» ብሎ አዲስ ሕመም ካነሳ ጉዳዩ ወደ ሐኪሙ ይዞራል። ሆስፒታል ውስጥ ይህ አሠራር አይሠራም።

ክሊኒኮች በመርፌ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። መርፌ ለመወጋት ብቻ የመጣ ሰው ሒሳቡ በ96372 ይጠየቃል፤ 99211 አይደረብበትም። ለታካሚውም ልዩነት አለው፤ ዓመታዊውን መነሻ ከከፈለ በኋላ ከአብዛኛው ሒሳብ 20 በመቶው የእሱ ድርሻ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የወላጆቻቸውን ደብዳቤ የሚያነብቡ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ወላጆቻቸው ያላዩት ሐኪም ስም በሒሳቡ ላይ ሲያገኙ ምክንያቱ ይህ በሐኪም ስም የማስከፈል አሠራር ሊሆን ይችላል።

ከበድ ያለው ክርክር የሚነሳው በነርስ ፕራክቲሽነሮች ላይ ነው። እነሱ መርምረው መድኃኒት ያዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሕግም በየትኛውም አካባቢ ሜዲኬርን በራሳቸው ስም እንዲያስከፍሉ ፈቅዶላቸዋል። የሚከፈላቸው ግን ለሐኪም ከሚከፈለው 85 በመቶው ነው። ሐኪም 100 ዶላር በሚያገኝበት ሥራ 85 ዶላር መሆኑ ነው። ያው ሥራ ደንቡን አሟልቶ በሐኪሙ ስም ሲወጣ ሙሉው 100 ዶላር ይከፈላል። ክሊኒኩ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። ኮንግረሱን የሚያማክረው የሜዲኬር ክፍያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ አሠራር ለነርስ ፕራክቲሽነሮችና ለሐኪም ረዳቶች (ፊዚሺያን አሲስታንት) እንዲቀር መክሯል፤ ማን ምን ያህል እንዳከመ ከሒሳቡ መዝገብ ማወቅ አይቻልምና። ምክሩ ትክክል ነው። ሕመምተኛውን ያከመው ሰው ስም ከመዝገብ ሲጠፋ፣ ሕዝቧን የሚያክመው ማን እንደሆነ አገሪቱ ራሷ በቅጡ አታውቅም።

ግፊቱን የለካችው ነርስ ስምም የሚገኘው በካርዱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ነርሶች ከለኩት ቁጥር ጎን ክትትሉን ያዘዘውን ሐኪም፣ በዕለቱ በክሊኒኩ ወይም በቪዲዮ የተገኘውን ሐኪምና የራሳቸውን ፊርማ ያሰፍራሉ፤ ኦዲተር ሲመጣ እነዚህን ሊጠይቅ ይችላል።