«የጎጆ በትሮች»፦ የሰው ስም በሕክምና ወረቀት ላይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ ሱዳን ቆይተው የሚመለሱ ወገኖች በዐረብኛ የተጻፈ የሕክምና ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የሚያስነብቡት ደግሞ መስጊድ ያለነውን ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን ወረቀት አመጡልን። «ዑሰያቱ ኩኽ» ይላል። በመድረሳ በተማርነው ዐረብኛ ዑሰያት ትንንሽ በትሮች፣ ኩኽ ደግሞ ጎጆ ነው። «የጎጆ በትሮች» ምን ዓይነት በሽታ ይሆን? በግምት መልስ ሰጥተን ከመሸኘት አላህ ጠበቀንና ወረቀቱን ይዘን አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነገሩ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሆኖ ተገኘ። ቤት ውስጥ ሌሎች ሕፃናት ነበሩ።

ጎጆ ያልነው የሰው ስም ኖሯል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የቲቢን ተሕዋስ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። ተሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀጭን በትር ስለሚመስል «የኮኽ በትሮች» ተባለ።

ስሕተቱ ከየት መጣ? አንደኛ፣ የዐረብኛው ዋው ለ«ኡ»ም ለ«ኦ»ም ያገለግላል። ሁለተኛ፣ እንደ እኛው ፊደል ሁሉ ዐረብኛም የሰውን ስም የሚለይ ትልቅ ፊደል የለውም። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታም የተሰየመው በጀርመናዊው ሐኪም በአሎይስ አልዛይመር ነው፤ ብዙ ዐረቦች ግን መነሻውን «አል» የራሳቸው ቋንቋ መስሏቸው ቆርጠው «ዘሃይመር» ይላሉ። ሦስተኛ፣ መደበኛው ዐረብኛ «ገ» የለውም። ግብጾች በጂም፣ ሌሎች በገይን፣ ሱዳኖች በቃፍ ይጽፉታል፤ ገዳሪፍም የሚጻፈው በቃፍ ነው። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1895 የራጅን ጨረር ያገኘው የሮንትገን ስም አንዱ ዘንድ በጂም፣ ሌላው ዘንድ በገይን ይገኛል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ሑነይን ኢብኑ ኢስሐቅ የተረጎመው ጋሌን በዐረብኛ «ጃሊኑስ» ሆኗል። ኢብኑ ሲናም በአውሮፓ «አቪሴና» ተብሏል።

የእኛም ስም ከዚህ አያመልጥም። ዐይን የወደቀበት «ዐሊም» (ዐዋቂ) «አሊም» (አሳማሚ) ይሆናል። «ኻሊቅ» (ፈጣሪ) በሐ ሲጻፍ «ፀጉር ላጪ» ማለት ነው። በፓስፖርት በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ወደ ዐረብኛ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። የበሽተኛው ስም ከተለወጠ ደግሞ የምርመራ ውጤቱ የማን እንደሆነ ያከራክራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን። የሰው ስም አይተረጎምም፤ በድምፁ ይጻፍ፣ የላቲኑም አጻጻፍ ከጎኑ ይቀመጥ። የበሽተኛው ስም በሁሉም ወረቀት ላይ በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ እንዳለው አንድ ዓይነት ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ ዐረብኛ ማንበብ ሕክምና ማወቅ አይደለም፤ ወረቀቱ ከእኛ አልፎ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይድረስ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ጸሐፊ በትክክል እንዲጽፍ አዟል። አንቀጹ ስለ ዕዳ ቢሆንም፣ የሰው ጤና ከገንዘቡ አያንስምና አደራው እዚህም አለ። ልጁ የስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጨርሶ ድኗል፤ አልሐምዱሊላህ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።