ዳውንሎድ በ16 ኮኔክሽን፦ መቼ ይፈጥናል? መቼስ አይፈጥንም?

2 ጊጋባይት ፋይል 90 ፐርሰንት ደርሶ ይቋረጥና እንደገና ስትነኩት ከዜሮ ይጀምራል። የገዛችሁት ፓኬጅ ግን አልቋል። ብዙ ሰው እንደ ኤዲኤም እና ዋን ዲኤም ያሉ ዳውንሎድ ማናጀሮችን የሚጭነው ይሄ ሲያማርረው ነው።

አፑ ፋይሉን ለምሳሌ 8 ቦታ ይከፍልና ለሰርቨሩ በአንዴ 8 ጥያቄ ይልካል፦ «ከዚህ ባይት እስከዚህ ባይት ስጠኝ»። በመጨረሻ ቁርጥራጮቹን ይገጣጥማቸዋል። ሰርቨሩ ለአንድ ኮኔክሽን በሰከንድ 500 ኪሎባይት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ በ8ቱ 4 ሜጋባይት አገኛችሁ ማለት ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥም ይጠቅማል፤ አንዱ ኮኔክሽን ቢዘገይ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። አንዳንድ ሰርቨር ግን ብዙ ኮኔክሽን ሲያይ ስለሚዘጋ 4 ወይም 8 ይበቃል።

ቀርፋፋው የራሳችሁ ኢንተርኔት ከሆነ 32 ብታደርጉትም ለውጥ የለም። ስፒድ ቴስት ሥሩ። 16 ሜጋቢት ካሳያችሁ ለ8 አካፍሉት፤ በሰከንድ 2 ሜጋባይት ነው። ዳውንሎዳችሁ እዚያው አካባቢ ከሆነ ጣሪያው ላይ ናችሁ፣ በቃ። (ካፌ ዋይፋይ ላይ 16 የሚከፍት ሰው ሊፈጥንለት ይችላል፤ ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ድርሻ ወስዶ እኮ ነው!)

ለእኔ ከፍጥነቱ የሚበልጠው «ሪዙም» ነው፤ ሲቋረጥ ካቆመበት መቀጠሉ። ይሄ የሚሠራው ግን ሰርቨሩ ፋይሉን ቆራርጦ መስጠት ከፈቀደ ብቻ ነው። ካልፈቀደ ኮኔክሽኑም 1 ብቻ ይሆናል፣ ከተቋረጠም ከዜሮ ነው። ስለዚህ ትልቅ ፋይል ከመጀመራችሁ በፊት ሊንኩ ሪዙም ይደግፍ እንደሆነ አፑ ላይ እዩ። አይደግፍም ካለ፣ ፓኬጃችሁ ሊያልቅ ሲል አትጀምሩት።