አሮጌ መጫወቻ መኪና ማደስ ጨዋታ ነውን ወይስ ትምህርት?

«ሥራ ለሠሪው፤ እሾህ ላጣሪው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የባለሙያን ክብር የሚገልጽ ሆኖ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ መሥሪያ ቤት የገባን ወጣቶች ግን ብዙ ጊዜ እጃችንን ከሥራ ለማሸሽ ምክንያት እናደርገዋለን። ካቻቢቴና ፒንሳ የመካኒክ ነው፤ የኛ ብዕር ነው እንላለን። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚጎዳን ያስተዋልሁት በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን፣ በከፋ ዞን በማንኪራ ከአንድ ትንሽ ልጅ ዘንድ ነው።

ማንኪራ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በዴቻ ወረዳ የሚገኝ ደናማ ቀበሌ ሲሆን፣ ያገሩ ሰዎች የቡና መገኛ መሆኑን በኩራት ይናገራሉ። እንግዳ ወደዚያ የሚሄደው የቡና እናት የምትባለውን ዛፍ ለማየት ነው። እኔም የሄድሁት ለዚሁ ነበር። ስመለስ ግን አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ በደጃቸው ተቀምጦ መጫወቻ መኪና ሲጠግን አገኘሁት። የመኪናዋ ሻንሲ ሽቦ ነው፤ ጎማዎቿ ካረጀ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ናቸው። ከኋላዋ ከተሰበረ ቴፕ የወጣ ዲናሞ በላስቲክ ታስሮ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ተገጥሞለታል።

መኪናዋ ስትነሣ ወደ ኋላ ሄደች። «ምን ሆነች?» ብዬ ብጠይቀው ልጁ ሣቅ አለና፣ «ጋሼ፣ ሽቦው ተገላብጦ ነው» ብሎ የዲናሞውን ሁለት ሽቦዎች አቀያየረ፤ ወዲያው ወደ ፊት ሮጠች። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ የሞተሩም ዙረት እንደሚገለበጥ እኔ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ በእጄ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሞከርሁትም።

በዚህ መካከል አባቱ ከቤት ብቅ ብለው፣ «ዛሬም ይህን ኮተት ይዘሃል? ደብተርህን ካልያዝህ ነገ ከምድጃ ነው የምከተው» ሲሉ ገሠጹት።

«አባባ፣ ይተዉት፤ ይኸም እኮ ትምህርት ነው» አልኋቸው።

«አንተስ ልጄ፣ በሽቦ ነው የተማርኸው?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ላጣሁት መልስ ፍለጋ ነው።

በሌላው ዓለም አሮጌ መጫወቻ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የሚያመሹ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የሚያድሷት መኪና ስሎት ካር ትባላለች፤ ባለ ቦይ መኪና እንደ ማለት ነው። ብዙዎቹ ከእውነተኛው መኪና 32 እጅ ያነሱ ናቸው። የምትሮጠው ጠባብ ቦይ በተበጀለት መንገድ ላይ ሲሆን፣ ከሆዷ የወጣች ትንሽ ምላስ በቦዩ ገብታ ትመራታለች። ኤሌክትሪኩንም በቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጉት የብረት መስመሮች ከመዳብ በተጎነጎነ ጥብጣብ ትቀበላለች። ተጫዋቹ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪኩን ሲጨምር ትፈጥናለች፤ መታጠፊያ ላይ ካላዘገያት ከቦዩ ወጥታ ትገለበጣለች።

ታሪኳም የማደስ ታሪክ ነው። ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ እንግሊዛዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ስካሌክስ የተባሉ በሞላ የሚሄዱ የላሜራ መኪናዎች ለገበያ አወጣ። ገበያው ሲቀዘቅዝበት ሥራውን አልተወም፤ በሞላው ፈንታ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባ። ስካሌክስንና ኤሌክትሪክን አጣምሮም ስካሌክስትሪክ ብሎ ሰየመና በ1957 በሃሮጌት የመጫወቻ ትርኢት አቀረበ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የዚህ እሽቅድምድም አዳራሾች በሺህ እየተቆጠሩ ተከፈቱ፤ ዘመኑ ሳያልቅ ግን አብዛኞቹ ተዘጉ። መኪናዎቹም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ቀሩ።

የዛሬዎቹ አዳሾች ሥራ ከዚህ ሣጥን ይጀምራል። የመጀመሪያው ሕጋቸው የቆመች መኪና ሁሉ የሞተች አይደለችም የሚል ነው። ስለዚህ አንዱን ክፍል ከመለወጣቸው በፊት ምክንያቱን በተራ ይፈልጋሉ። አሮጌው ዘይት እንደ ሙጫ ደርቆ እንደ ሆነ ይጠረጋል፤ የመዳቡ ጥብጣብ ተበልቶ እንደ ሆነ ይለወጣል፤ ካርቦኑ የሚነካው ቦታ ጠቁሮ እንደ ሆነ በስሱ የብርጭቆ ወረቀት ይወለወላል። ማግኔቱ ደክሞ እንደ ሆነ ኃይሉ ይታደሳል፤ የሞተሩ ሽቦ ተበጥሶ እንደ ሆነ ተፈትቶ እንደ ገና ይጠመጠማል። የጠጠረ ጎማ መንገድ ስለማይዝ በአዲስ ይተካል።

ከማደስ አልፈው የሚያሻሽሉም አሉ። ከሞተሩ ጋር የተያያዘውን ማርሽ ጥርሱ ባነሰ ቢለውጡት መኪናዋ ቶሎ ትነሣለች፤ የመጨረሻ ፍጥነቷ ግን ይቀንሳል። አንዱን ያገኘ ሌላውን ያጣል። ከሆዷ ሥር ጥቂት እርሳስ ቢለጥፉባት መታጠፊያ ላይ ትረጋለች፤ ከበዛ ግን ትጎተታለች። በዚህ ላይ ክርክር አለ፤ አንዳንዱ አሮጌ ዕቃ እንደ ተሠራ ይኑር ሲል፣ ሌላው መኪና ለመሮጥ ነው የተሠራችው ይላል። አስተዋዮቹ ግን የነቀሉትን የጥንት ክፍል በሣጥን ያኖራሉ፤ የኋላ ሰው ወደ ቀድሞው ሊመልሳት ቢፈልግ እንዲችል ነው። ለውጥ ስንሻ የቀደመውን ሁሉ ለምንጥል ለኛ ይህች ልማድ ብቻዋን ትምህርት ናት።

እንግዲህ ልጁና እነዚህ ሰዎች የሚለያዩት በገንዘብ እንጂ በሙያ አይደለም። በአገራችን አሮጌውን አዲስ የሚያደርግ እጅ መቼ ጠፋ? በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮና ብረት ዕቃ ሆኖ ሲወጣ እናያለን። የጎደለው እጅ ሳይሆን ለእጅ የሚሰጠው ክብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባችበት በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። መኪናዋን ወዲያው ተቀበልን፤ አዋጁን ግን ገና በልባችን አልተቀበልነውም።

ታዲያ ደብተር ይጣል ማለቴ አይደለም። ልጁ ሽቦውን አቀያይሮ መኪናዋን አስኬዳት እንጂ ምክንያቱን ለማወቅ ደብተር ያስፈልገዋል፤ እኔም ምክንያቱን አውቄ ሽቦውን መንካት አልቻልሁም። ሁለታችንም ግማሽ ነን። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በመጪው እሑድ በቤትህ የተበላሸ መጫወቻ ቢኖር ከመጣልህ በፊት ካቻቢቴ አንሣ፤ ታናሽ ወንድምህን ወይም እኅትህን ከጎንህ አስቀምጥና አብራችሁ ፍቱት።

ለማንኪራው አባትም ዛሬ ብመልስላቸው እንዲህ እላለሁ፦ «አይደለም አባባ፣ በሽቦ አልተማርሁም፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ዝም ብዬ የቆምሁትም ስለዚሁ ነው።»