«ለመድሁት» ስለሚል ሰው፦ የጭንቀትን ምልክት ከራስ ላይ ስለ ማንበብ

ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ የስሜንን ቁልቁለት የሚወርድ ባለ በቅሎ፣ መጫኛውን ከማጥበቁ አስቀድሞ የእንስሳይቱን ጀርባ ዳብሶ ገጣባ እንዳይኖር ይመረምራል፤ መጀመሪያ ስትራገጥ የነበረችው በቅሎ በኋላ አንገቷን ደፍታ ዝም ብትል፣ ሸክሙ እንደ ቀለላት ሳይሆን ኃይሏ እንደ ደከመ ያውቃል። ይኸው አስተዋይ ሰው ግን ገብሱን በረዶ በመታበት፣ ዕዳ በከበደበት ወይም የልጁ ወሬ በጠፋበት ጊዜ የገዛ ገላውን እንዲህ አይመረምርም።

በካናዳ ይሠራ የነበረው ሊቅ ሐንስ ሴልዬ በ1936 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አይጦችን መርምሮ፣ ጭንቅ የገባበት ገላ በሦስት ደረጃ እንደሚያልፍ ገለጸ፤ እነርሱም ድንጋጤ፣ መቋቋምና መዛል ናቸው። በድንጋጤው ጊዜ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንን ወደ ደም ሲያፈሱ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልበዋል፤ ይህን ማንም አይስተውም። የሚያታልለው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ልብ ጸጥ ያለ ይመስላልና ሰውየው «ለመድሁት» ይላል።

ነገር ግን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ የነገን ጣጣ የሚቈጥር፣ ትከሻው እንደ እንጨት የደረቀበት፣ እህል አልዋጥ ያለው፣ ዳዊት ሲደግም የደረሰበት የሚጠፋው፣ በትንሽ ነገር በልጆቹ ላይ የሚቈጣ፣ ከጎረቤት ቡና የሚቀር ወይም አረቄ ያበዛ ሰው አልለመደውም፤ ተሸክሞታል እንጂ። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቻል ከአባቶቻችን የወረስነው ክቡር ጠባይ ቢሆንም፣ የሴልዬ አይጦች ጨጓራ ቈስሎ መገኘቱ ሆድ የተሰጠውን ሁሉ ያለ ዋጋ እንደማይፈጅ ያስገነዝበናል።

ስለዚህ ሰው ማታ ማታ እንቅልፉን፣ ምግቡንና ቍጣውን እየመረመረ፣ ምን እንደ ተለወጠበት የትዳር ጓደኛውን ይጠይቅ፤ ለውጡን ከራሱ ቀድመው የሚያዩት ቤተሰቦቹ ናቸውና። ምልክቱ ሳምንታት ቢቈይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሞትን መመኘት ከጀመረ ግን አንድ ቀን እንኳ አይደር። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደሩ ተቋም ዛሬ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕመምተኞችንም ያክማል፤ ጸበሉም ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብም «ደኅና ነኝ» ማለቱን ትቶ፣ እንቅልፍ ከራቀው ስንት ሌሊት እንደ ሆነ ይናገር።