የተጠባባቂ ዝርዝር በደጅ ጥናት አይከፈትም

በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክትሬት ለመማር ያመለከቱ ኢትዮጵያውያን ከሦስት ዓይነት መልስ አንዱ ይደርሳቸዋል፦ ተቀብለናችኋል፣ አልተቀበልናችሁም፣ ወይም በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ናችሁ። ለመሸከም የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ሰው አያዝንበት ነገር ቁርጡ አልታወቀ፣ አይደሰትበት ነገር በእጅ የገባ የለም። መካሪ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ከምክሮቹ ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው «እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ፤ ሄደህ ፊትህን አሳያቸው፣ ግቢውን ጎብኝ፣ ፕሮፌሰሮቹን አነጋግር፣ ስምህ ወደ ላይ ይወጣል» የሚለው ነው። ሲሰሙት ቆራጥነት ይመስላል። ተግባር ላይ ሲውል ግን ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከትና የቪዛ መዝገብን የሚያበላሽ ምክር ነው፤ በምላሹ የሚያስገኘው የቅበላ ዕድል ደግሞ ከምንም አይቆጠርም።

እምነቱ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። በእኛ አገር ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው ፊት ለፊት ነው። ማመልከቻውን አስገብቶ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ፋይሉ ሲረሳ፣ ጠዋት ማታ ቢሮ የተመላለሰው ደግሞ ሲፈጸምለት ያየ ሰው ደጅ መጥናትን ከትጋት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። በአሜሪካም ቢሆን ምክሩ የሚሠራበት ቦታ አለ። አንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶችና የቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ፕሮግራሞች፣ ተጠባባቂው ፍላጎቱ እንዳልቀዘቀዘ በደብዳቤ እንዲያሳውቅ ያበረታታሉ፤ ልጎብኝ ቢልም በደስታ ይቀበሉታል። እዚያ በአብዛኛው ከፋዩ ተማሪው ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ አጥብቆ ማወቅ የሚፈልገው «ብንጠራው ይመጣል ወይ?» የሚለውን ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ለእነዚህ የተሰጠው ምክር እንዳለ ተነሥቶ ለዶክትሬት አመልካች ሲሰጥ ነው።

በዶክትሬት ትምህርት ከፋዩ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። በአብዛኞቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪው የትምህርት ክፍያ ይሸፈናል፤ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነትም የመተዳደሪያ ገንዘብ ይከፈለዋል። ይህ ለዓመታት የሚዘልቅ ወጪ በመሆኑ የወንበሩን ቁጥር የሚወስነው በጀት ነው። አንድ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ለስምንት ተማሪ የሚሆን ገንዘብ አለው እንበል። ከሚጠራቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ሌላ እንደሚሄዱ ከልምድ ስለሚያውቅ ለአሥራ ስድስት ሰው የቅበላ ደብዳቤ ይልካል፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትን ጠንካራ አመልካቾች በተጠባባቂነት ይይዛል። ከአሥራ ስድስቱ ዘጠኙ እሺ ካሉ ዝርዝሩ ንቅንቅ አይልም። አምስቱ ብቻ እሺ ካሉ ሦስት ወንበር ክፍት ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ለማንም የሚሰጥ አይደለም። የቀረችው ተማሪ በዕፅዋት ዘረመል ላይ ልትሠራ የነበረች ከሆነ፣ ኮሚቴው የሚፈልገው በዚያው መስክ ከዚያው ፕሮፌሰር ጋር የሚሠራ ሰው ነው። በነርቭ ሳይንስ ያመለከተ ተጠባባቂ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቢውልም ለዚያ ወንበር አይታሰብም። የገንዘቡ ጉዳይ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2025 በግልጽ ታይቷል። የፌዴራል መንግሥት የምርምር ድጋፍ ሲናጋ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ቅበላቸውን ቀንሰዋል፤ ዩማስ ቻን የተባለው የማሳቹሴትስ የሕክምና ትምህርት ቤት ለባዮሜዲካል ዶክትሬት አመልካቾች የሰጠውን ቅበላ እስከ መሻር ደርሷል። የቅበላ ደብዳቤ የያዙትን እንኳ ማስገባት ያልቻለ በጀት፣ አንድ ተጠባባቂ ውቅያኖስ አቋርጦ ስለመጣ አይሰፋም።

«እከሌ ግን ሄዶ ጎበኘ፣ በሳምንቱ ተቀበሉት» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጊዜ ሰሌዳውን ማየት ግን ያስፈልጋል። በአሜሪካ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በወጣው ስምምነት መሠረት፣ የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያለው ቅበላ የሰጡትን ተማሪ ከአፕሪል 15፣ ማለትም ከእኛ ሚያዝያ 7 በፊት ቁርጡን እንዲነግራቸው አያስገድዱም። ብዙ ቅበላ የያዙ ጎበዞች እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ስለሚያመነቱ፣ ዝርዝሩ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በእነዚያው ቀናት ነው። ሰው ለጉብኝት የሚሄደውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ ስለተገጣጠሙ አንዱ የሌላው ምክንያት አይሆንም። ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ደግሞ ታሪካቸውን በየቴሌግራም ቻናሉ አይናገሩም፤ የሚሰማው የተሳካለት ብቻ ነው። ይህ ሲባል፣ በትንሽ ትምህርት ክፍል ውስጥ ከሁለት እኩያ አመልካቾች መካከል ፕሮፌሰሩ በአካል ያነጋገረው ፈጽሞ አይቀናውም ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን የተቀበሏቸውን ተማሪዎች በሚያስተናግዱበት ሳምንት ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ሸክም ሆኖ መታየቱም ያው የሚሆን ነገር ነው። የፕሮግራሙ አስተባባሪ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚፈልገው ተጠባባቂ ተጠርቶ በዕለቱ እሺ የሚለውን ነው። ይህን ደግሞ አንድ አጭር ኢሜይል ይነግረዋል፦ ብትቀበሉኝ ሌላውን ትቼ እመጣለሁ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከማመልከቻው ወዲህ የተገኘ አዲስ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የታተመ ጽሑፍ ወይም ከሌላ ቦታ የተገኘ የትምህርት ድጋፍ፣ በመጨረሻም መልሱ መቼ ገደማ እንደሚታወቅ የሚጠይቅ መስመር። ቃሉ እውነት መሆን አለበት፤ ያንኑ ቃል ለሁለት ትምህርት ቤት መስጠት ውሸት ነው።

ምክሩን ቁጣ የሚያስነሣ የሚያደርገው ወጪው ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ አመልካች ጉብኝት ማለት የጎብኚ ቪዛ ማለት ነው። የማመልከቻው ክፍያ 185 ዶላር ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ለ) ደግሞ ቪዛ ጠያቂው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው እንዲታይ ያደርጋል። አሁን በቆንስላው መስኮት ፊት የሚቆመውን ወጣት እንመልከት። ገና ከተመረቀ ብዙ አልቆየም፣ ትዳር የለውም፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ በእጁ የያዘው ወረቀት «ገና አልተቀበልንህም» የሚል ነው። ለምን ትሄዳለህ ሲባል ትምህርት ቤት ልጎበኝ ይላል። ጉብኝቱ በሕግ የተፈቀደ ምክንያት ነው፤ እንደሚመለስ ማሳመን ግን ከባድ ነው። ከተከለከለ፣ በኋላ ቅበላ አግኝቶ የተማሪ ቪዛ ሲጠይቅ ዲኤስ-160 የተባለው ቅጽ ከዚህ በፊት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ በእውነት መመለስ ግዴታው ነው። አንድ ክልከላ ለዘለዓለም በር አይዘጋም፤ ሆኖም ሳያስፈልግ በገዛ እጅ የሚመጣ መሰናክል ነው። ይህን ሁሉ ሳያነሣ «ዝም ብለህ ሂድ» የሚል አማካሪ፣ በተለይም ለምክሩ ገንዘብ የሚቀበል፣ በሰው ልጅ ተስፋ እየነገደ ነው። ትኬቱን የሚገዛው እሱ አይደለም፤ በመስኮቱ ፊት የሚቆመውም እሱ አይደለም።

ታዲያ ጉብኝት ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ትምህርት ክፍሉ ራሱ ከጋበዘና ወጪውን ከሸፈነ መሄድ ተገቢ ነው፤ ወጪው በቅድሚያ የሚከፈል ወይስ በኋላ በደረሰኝ የሚተካ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ያሻል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር ሰው በአውቶቡስ ደርሶ የሚመለስበት ትምህርት ቤት ከሆነም፣ አስተባባሪውን አስፈቅዶ ሄዶ ማየት አይከፋም። ጥቅሙ ግን ለራሱ ውሳኔ ነው፦ ተማሪዎቹ በሚከፈላቸው ገንዘብ መኖር ችለው እንደሆነ፣ አማካሪ ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቹን እንዴት እንደሚይዝ ከራሳቸው አፍ ይሰማል። ሩቅ ያለ አመልካች ይህንኑ ጥያቄ በዙም ማቅረብ ይችላል።

ስለ ተጠባባቂነት የሚነገሩት ሌሎች እምነቶች ብዙ ሐተታ አይሹም። «ተጠባባቂ ማለት በጨዋ ቋንቋ እምቢ ማለት ነው» ይባላል፤ ስሕተት ነው፣ እምቢ ለማለት ለፈለገ ኮሚቴ የእምቢታ ደብዳቤ አለው። «ስንተኛ እንደሆንኩ ከነገሩኝ ዕድሌን አውቃለሁ» ይባላል፤ ብዙ ዝርዝር ግን በመስክ የተከፋፈለ እንጂ ከአንድ ጀምሮ የተቆጠረ አይደለም። «በየሳምንቱ መጻፍ ትጋትን ያሳያል» ይባላል፤ ያሰለቻል እንጂ አይረዳም፤ ተጨማሪ ነገር አትላኩ ያለ ፕሮግራም ካለ ደግሞ አንዷም ትበዛለች። «አንድ ፕሮፌሰር እወስድሃለሁ ካለኝ አለቀ» የሚል ሰው ከዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ደብዳቤ እስኪመጣ ይታገሥ። «የሌላ ትምህርት ቤት ቅበላ ከያዝኩ ተጠባባቂነቴ ይሰረዛል» የሚለው ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያስከትላል፤ ሰው የያዘውን ትቶ ያልያዘውን እንዲጠብቅ ያደርገዋል። በስምምነቱ መሠረት እሺ የተባለ የገንዘብ ድጋፍ እስከ አፕሪል 15 በጽሑፍ ሊተው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳብ ከመቀየር በፊት ቃል ከተገባለት ትምህርት ቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ገንዘቡን መያዝ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፦ ዝርዝሩ በእርግጥ የተነቃነቀ ዕለት ወጪው ይጀምራል። በአፕሪል አጋማሽ የተጠራ ሰው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ሰነድ ለማውጣት ወረቀቶቹን በፍጥነት መላክ፣ ሴቪስ ለተባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ 350 ዶላርና ለተማሪ ቪዛው 185 ዶላር መክፈል፣ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ መያዝ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚያደርሰውን ትኬት መግዛት አለበት፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በመጋቢት ለጉብኝት የወጣው ብር በግንቦት አይገኝም። ስለዚህ የተጠባባቂ ትጋት ፓስፖርትን ማደስ፣ የትምህርት ማስረጃን አዘጋጅቶ ማስቀመጥ፣ አንድ ጥሩ ደብዳቤ መጻፍና ገንዘብን ለሚያስፈልግበት ቀን መቆጠብ ነው።